ሐኪም ሲሾም የማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና፣ ጥያቄው ከየት እንደ መጣብን በመናገር እንጀምር።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አምስት ሆነን ማጀቴ ሰንብተን ነበር። ከአምስታችን ሁለቱ የማጀቴ ልጆች ናቸው፣ አንዱ የሸዋ ሮቢት ነው፤ የቀረነው ሁለቱ ደግሞ ይፋትን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የምናውቅ የአዲስ አበባ ሰዎች ነን። ማናችንም ሕክምና አናጠናም። የምናነበው ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለውን ማንም ሐኪም «እናንተ ምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ሊገፋው ይችላል። ይሁን እንጂ መታመም የሁሉም ሰው ዕጣ ነው፤ የሚታመም ሰው ደግሞ ስለሚያክመው ሰው የመጠየቅ መብት አለው ብለን እናምናለን።

ማጀቴ ከደሴው አውራ ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ክፉኛ የፈረሰችው እሷ ነበረች። አንድ ማታ ቡና ላይ ያገኘናቸው አዛውንት ዕድሜያቸውን የነገሩን በዚያ ቆጥረው ነው። «ሲንቀጠቀጥ እረኛ ነበርኩ» አሉን። ከዚያ ወሬ ወሬን ስቦ ስለ ትንሿ ልጃቸው ምጥ አጫወቱን።

ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነ ነው። የሆስፒታሉን ስም፣ የሐኪሙንም ስም አንጠቅስም፤ እሳቸውም እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ልጃቸው በምጥ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ስትጨነቅ አድራ ሆስፒታል ተወሰደች። አዋላጇ ነርስ አይታ «በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም» አለች። በዚያ ሆስፒታል በዚያ ሰሞን ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው አንድ ሐኪም ብቻ ነበር። ያ ሐኪም ደግሞ የሆስፒታሉ ኃላፊ ነው። በዚያ ቀን ስብሰባ ተጠርቶ ወደ ዞን ሄዷል። መኪና ተከራይተው ልጅቱን ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዘዋት ወጡ። እናትየዋ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም።

እኛ ወጣቶች ነንና ወዲያው ቁጣችን ገነፈለ። «ይሄ እኮ ወንጀል ነው!» ያለም ከመካከላችን ነበር። አዛውንቱ ግን በእጃቸው ዝም አሰኙን።

«አይደለም ልጆቼ፣ ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን ስብሰባው ላይ የጠየቀው ጄኔሬተር ነው አሉ። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ነበር የሚሰፉት። ከወራት በኋላ ጄኔሬተሩ መጣ። የጎረቤቴ ሚስት በሌሊት የተገላገለችው በሱ መብራት ነው። ምን ልበለው? ልረግመው ነው ልመርቀው? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ሰውዬ የማን ነው? የኛ ነው ወይስ የላኩት ሰዎች?»

ጥያቄው ይሄ ነው። ያን ሌሊት ቡናው ሦስተኛው ደርሶ፣ ጀበናው ታጥቦ፣ እኛ ግን ገና አልተስማማንም ነበር። ከተመለስንም በኋላ መጻሕፍት አገላበጥን፣ ሰው ጠየቅን። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ቢሆንም የደረስንበትን ለትምህርት ጓደኞቻችን ማካፈሉ ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ጥያቄውን እናጥራው። ሆስፒታልን ሐኪም ቢመራው ይሻላል ወይስ ሌላ ባለሙያ ብለን ስንጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ስለ ችሎታ ነው። ማን የተሻለ ያቅዳል? ማን ሒሳብ ያውቃል? ይህ የአስተዳደር ትምህርት ጥያቄ ነው። አዛውንቱ የጠየቁት ግን ሌላ ነው። ሐኪም ሐኪም ሲሆን ከፊቱ ለተኛው ሰው ቃል ገብቷል። ያ ሰው በደመወዝ ተቀጥሮ የሆስፒታሉን ማኅተም ሲረከብ ቃሉ ምን ይሆናል? ይቀራል? ይሻራል? ወይስ ሰውየው ለሁለት ይከፈላል? ይህ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በሀገራችን አዲስ አይደለም። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ ያደጉና እዚያው ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ግን በሽተኛ እንዲያዩ ብቻ አልተተዉም። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ከዚያ የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። መንግሥት የተማረ ሰው ሲያጣ ያገኘውን ሐኪም ለሹመት መውሰዱ ከዚያ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። ዋጋ ያለው ነገር ነው ማለታችን ነው፤ ዋጋውን ደግሞ አንድ ሰው ይከፍላል።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጉዳዩን በሌላ መንገድ አየው። ከጅምሩ «ጤና መኮንን» የሚባል ባለሙያ አሠለጠነ። ስሙን ልብ ብለን እንመልከተው፤ ጤናም አለበት፣ መኮንንነትም አለበት። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያያል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል፣ ከነርሷና ከጽዳት ባለሙያው ጋር በቡድን ገጠር ይወርዳል። ማከምና መምራት አንድ ሥራ ናቸው የሚል እምነት ነው ከስሙ ጀርባ ያለው።

በሆስፒታሎች በኩል ግን ለብዙ ዘመን የነበረው ሥርዓት አንድ ሐኪም «ሜዲካል ዳይሬክተር» ተብሎ ሲሾም ነው። ሐኪሙ አስተዳደር አልተማረም። ጠዋት በሽተኛ ይጎበኛል፣ ከሰዓት የአንሶላ መግዣ ይፈርማል፣ ማታ ተረኛ ይሆናል። ይህ ሁኔታ እንደማያስኬድ ታይቶ በ1990ዎቹ ለውጥ ተጀመረ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሆስፒታሎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲያውሉ፣ በቦርድ እንዲተዳደሩ፣ ለድኻ ነፃ ሕክምና በሥርዓት እንዲሰጡ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የግል ክፍል እንዲከፍቱ መንገድ ከፈተ። የአማራ ክልል ይህን በሕግ ቀድመው ካጸደቁት ክልሎች አንዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለሆስፒታል ኃላፊዎች በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ። ከዚህ ለውጥ በኋላ የሆስፒታል ራስ «ሥራ አስኪያጅ» ሆነ፤ ሐኪም መሆኑ ግዴታ አይደለም። ነርስም፣ ጤና መኮንንም፣ ፋርማሲስትም ሊሆን ይችላል። የሕክምናውን ሥራ የሚመራ ሐኪም ደግሞ ከሥሩ ይመደባል። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ግን ዛሬም ወንበሩ ላይ በብዛት የምናየው ሐኪሞችን ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንግባ።

ከመካከላችን ሁለቱ «ሐኪም ያክም፣ ወንበሩን ለሌላው ይልቀቅ» ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንደ ደንቡ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል። እንዲህ ባለ ቦታ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከነሱ አንዱን ነጥቆ ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ከመቶ ሐኪም አንዱን እንደ መውሰድ አይደለም። ሕዝቡ ይህን ሰው ያስተማረው በግብሩ ነው። ያስተማረው ደግሞ ደረት እንዲያዳምጥ እንጂ የጎማ መግዣ እንዲፈርም አይደለም። ሐኪም በማጣታችን እኮ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ትምህርት እያስተማርን በየገጠሩ ሆስፒታል አሰማርተናል። ጥሩ ተደርጓል፤ ብዙ እናቶች በነሱ እጅ ተርፈዋል። ነገር ግን ጤና መኮንኑ ቢላ ይዞ ሐኪሙ እስክሪብቶ ይዞ ሲገኝ፣ የሆነ ቦታ ነገሩ ተገላብጧል ማለት ነው።

ሌሎቹ ሁለታችን ደግሞ «የሕመምን ጣር ያላየ ሰው ሆስፒታል ቢመራ ሆስፒታሉን ፋብሪካ ያደርገዋል» እንላለን። ለዚህም ከውጭው ዓለም ምስክር አለን። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1983 መንግሥት ሆስፒታሎቹ ማን እንደሚመራቸው አይታወቅም ብሎ የአንድ ትልቅ የምግብ መደብር ኩባንያ ኃላፊ የነበሩትን ሮይ ግሪፊትስን አጥኑልኝ አላቸው። እሳቸውም ለየሆስፒታሉ ጠቅላላ ሥራ አስኪያጅ ይሾም አሉ፤ ተሾመ። ሒሳቡ ተስተካከለ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ግን ሚድ ስታፎርድሻየር በሚባል ቦታ፣ ከ2005 እስከ 2009 ድረስ፣ አስተዳደሩ የገንዘብ ሚዛኑንና ከላይ የተሰጠውን ግብ ሲያሳድድ በሽተኞች ውሃ የሚያቀብላቸው እንኳ አጥተው ነበር። በ2013 የወጣው የመንግሥት ምርመራ ይህን ሁሉ ዘርዝሮታል። ስለ ሐኪሞቹም የተናገረው ቃል አለ፤ የሚያዩትን እያዩ አስተዳደሩን በርትተው አልተጋፈጡም አለ። ሐኪም «አስተዳደር የኔ ጉዳይ አይደለም» ሲል የሚሆነው ይህ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ማዮ ክሊኒክና ክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚባሉት ስመ ጥር ሆስፒታሎች በሐኪሞች የሚመሩ፣ ሐኪሞቻቸውም በደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። ሐኪሙ ባዘዘው ምርመራ ብዛት ኪሱ አይወፍርም። አማንዳ ጉዳል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ጥናት በደረጃ ከቀደሙት 100 የአሜሪካ ሆስፒታሎች መካከል በሐኪም የሚመሩት በጥራት ነጥብ 25 በመቶ ያህል በልጠው አግኝታቸዋለች።

አምስተኛው ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና «ቆይ፣ ከበሬው ጋሪው ቀድሞ እንደ ሆነስ?» አለ። እውነቱን ነው። ጥሩ ሆስፒታል ጥሩ ሐኪም ይስባል፤ ሐኪም መሪ ስለ ሆነ ሆስፒታሉ ተሻለ ወይስ ሆስፒታሉ ጥሩ ስለ ሆነ ስመ ጥር ሐኪም ሊመራው መጣ? አጥኚዋም ራሷ ጥናቱ ይህን እንደማይለይ ተናግራለች። ደግሞስ ማዮ ክሊኒክና የይፋት ቆላ ሆስፒታል በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ? የራሳችንን ተጨባጭ ሁኔታ ሳናይ የሰው ምሳሌ ብንደረድር ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ቁጥሩን ትተን ወደ ሥራው ባሕርይ ተመለስን።

የሐኪምና የመሪ ግዴታ በመሠረቱ ይለያያሉ። ሐኪም የሚያየው አንድን ሰው ነው። ከፊቱ ያለችው ምጥ የያዛት ሴት ለጊዜው ዓለሙ ሁሉ እሷ ናት፤ መሆንም አለባት። መሪ ግን ስለማያያቸው ሰዎች እንዲያስብ ነው የሚሾመው፤ ነገ ስለሚመጡት፣ ገና መንገድ ላይ ስላሉት፣ ታመው ከቤት ስላልወጡት። አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ቢቀር፣ ሐኪሙ «ለዚህ ልጅ ስጡት» ይላል። መሪው «ዛሬ ሌሊት ሌላ ቢመጣስ?» ይላል። ሁለቱም ክፉ አልተናገሩም። ሁለቱም ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ መሰማት ያለባቸው ድምፆች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሲሆኑ ነው። የአዛውንቱ ሐኪም የደረሰበት ይሄው ነው። ለጄኔሬተሩ ባይሄድ ኖሮ ነገ በጨለማ የሚሞት ይኖር ነበር። በመሄዱ ደግሞ ዛሬ አንድ ሕፃን ሞተ። ስብሰባው ላይ ሲቀመጥ ያን ሕፃን አላየውም፤ ያም ሆኖ ሕፃኑ የሱ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሲሾም ሐኪምነቱን ያውልቅ፣ ሲሻር መልሶ ይልበስ» ሊለን ይችላል። ጋዋን አይደለም ወይ? ይወለቃል፣ ይለበሳል። ይህን ሐሳብ የፈተነ አንድ ታላቅ ጉዳይ አለ፤ አንባቢ እንዲያውቀው እንፈልጋለን።

ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው የነበሩ ሕፃናት ከሌላ ቦታ ይልቅ በብዛት ይሞቱ ነበር። በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1991 እስከ 1995 ብቻ ከ30 እስከ 35 የሚደርሱ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ሞተዋል ብሏል። ስቲቨን ቦልሲን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ሥጋቱን አስቀድሞ ለኃላፊዎች አሳውቆ ነበር። ሰሚ አጥቶ በመጨረሻ ሀገሩን ለቆ አውስትራሊያ ገባ። የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ጆን ሮይላንስ ይባላሉ። እሳቸውም ሐኪም ናቸው፤ የራጅ ሐኪም ነበሩ። የሐኪሞች ምክር ቤት ከሰሳቸው። መከላከያቸው «እኔ ያን ጊዜ አስተዳዳሪ ነበርኩ፤ ቀዶ ሕክምናው የቀዶ ሐኪሞቹ ጉዳይ ነው» የሚል ነበር። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሐኪሞች መዝገብ ሰረዛቸው። ይግባኝ አሉ። በ1999 ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች አልተቀበሏቸውም። የፍርዱ መንፈስ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሐኪም ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ ብሎ የሐኪምነት ግዴታውን ቢሮ በር ላይ ሰቅሎ አይገባም።

ይህ ፍርድ ክርክራችንን ለወጠው። ሐኪም ያልሆነ ሥራ አስኪያጅ «ሕክምናው አልገባኝም ነበር» ቢል፣ ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ግን ይህን ማለት አይችልም። የሟቾቹን ቁጥር ሲያይ የሚያየው ቁጥር አይደለም፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። እንግዲህ ሐኪምን ለመሪነት የምንፈልገው ለዕውቀቱ ከሆነ፣ ያው ዕውቀት ማምለጫውን ይዘጋበታል። ሹመቱ ግዴታውን አያቀልለትም፤ ይደርብበታል።

አሁን ደግሞ ስለ ደመወዝ እንናገር። ደመወዝ ደምና ወዝ ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው ይባላል፤ ሰው ደሙንና ወዙን ሰጥቶ የሚያገኘው ማለት ነው። ደሙንና ወዙን ለማን ሰጠ? ከማንስ ተቀበለ? የግል ክሊኒክ ያለው ሐኪም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ትርፍ ይፈልጋል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ትጠነቀቃለህ። ደመወዝተኛው ሐኪም መሪ ግን እንጀራው ያለው በሾሙት ሰዎች እጅ ነው። የበሽተኛው ቁጣ አያስነሣውም፣ የአለቃው ቁጣ ያስነሣዋል። ስለዚህ በሽተኛና ስብሰባ በአንድ ሰዓት ሲጠሩት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ የሰውየው ክፋት አይደለም። ሥርዓቱ የተሠራው እንደዚያ ሆኖ ነው።

ሌላም አለ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሐኪሞች በየከተማው ጋዋናቸውን ለብሰው ወጥተው ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ጮኸዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በዚሁ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በሽተኛ በማየት ብቻ የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅት፣ ወንበር መሸሸጊያ ይሆናል። የመምራት ፍላጎት ሳይኖረው፣ ከዋርድ ለማምለጥ ብቻ የሚሾም ሐኪም ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ደግሞ ሁልጊዜ ጆሮው ሥር ነው። የግል ክፍሉን እንመልከት። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሐኪሙ ከመንግሥት ሆስፒታል ሳይለቅ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከፍሎ የሚታከመውን እያየ ተጨማሪ እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል የሚፈርመው ሰው ራሱ ከተከፋዮቹ አንዱ ከሆነስ? ከሰዓት በኋላ በነፃ የሚታየው ድኻ «ነገ ተመለስ» ሲባል፣ ያ ቀጠሮ ከምን እንደ መጣ ማን ይመረምራል? ማንንም መክሰሳችን አይደለም። ጻድቅ ሰው እንኳ በዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሰው ይጠረጥረዋል፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው እያልን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ተማሪ ሲጽፍ መጨረሻ ላይ መፍትሔ ያዥጎደጉዳል ይሉናል። እኛ የተስማማንባቸውን አራት ነገሮች ብቻ እንናገራለን።

አንደኛ፣ ሐኪሞቹ በጣት በሚቆጠሩበት ሆስፒታል ወንበሩ ላይ ሌላ ባለሙያ ይቀመጥ። ሆኖም ከሥሩ ያለው የሕክምና ኃላፊ «ይህ በሽተኛን ይጎዳል» ባለ ጊዜ ቃሉ በቀላሉ የማይሻር፣ ቢሻር እንኳ ለቦርዱ በጽሑፍ የሚቀርብ ይሁን። አለዚያ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሞች በብዛት ባሉበት ሐኪም ይምራ፤ ግን ጊዜው የተወሰነ ይሁን። ሲጨርስ ወደ ዋርድ ይመለሳል። ተመልሶ አብሯቸው ተረኛ የሚሆን ሰው የትናንት ባልደረቦቹንም በሽተኞቹንም አይረሳም። በሳምንት አንድ ቀን በሽተኛ ይይ ብለን ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን «ያንን ቀን ስብሰባ ይበላዋል» አለን። ልክ ሳይሆን አይቀርም። የሚከበር ከሆነ ግን ይኑር እንላለን።

ሦስተኛ፣ የግል ክፍሉን ክፍያ የሚፈርም ሰው ከክፍያው አይካፈል። ደመወዙ በቂ ይሁንለት፤ ከዚያ ውጭ እጁን ይሰብስብ።

አራተኛ፣ ቦርዱ ውስጥ የታማሚው ወገን ቦታ ይኑረው፤ ከላይ ተመርጦ የሚላክ «የሕዝብ ተወካይ» ሳይሆን እውነተኛው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ዛሬ በብዙ ቦታ ገበሬው መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍላል። እንግዲያው ከሆስፒታሉ ገቢ ከፊሉ ከገበሬው ኪስ ነው ማለት ነው። የሚከፍል ሰው «ያን ቀን የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር ይገባዋል። አዛውንቱ የማን ነው ብለው የጠየቁት፣ ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት ቦታ ስላልነበራቸው ጭምር ነው።

ያልተስማማንበትም አለ። ሐኪሙ ያን ቀን መሄድ ነበረበት ወይ? ሦስቱ «ነበረበት» ይላሉ፤ የብዙዎች ሕይወት ከአንድ ይበልጣል። ሁለቱ «አልነበረበትም» ይላሉ፤ ቃል የገባው ለመጣው ሰው እንጂ ለሚመጣው አይደለም። አንድ ነገር ላይ ግን አምስታችንም ገጥመናል። ቢሄድም፣ ከተመለሰ በኋላ ወደ አዛውንቱ ቤት መሄድ ነበረበት። «ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የሄድኩት ለዚህ ነበር፤ ልጁ ሞተ» ማለት ነበረበት። አስተዳዳሪ ይህን የማድረግ ልማድ የለውም፤ ሐኪም ግን የሞት መርዶ ፊት ለፊት መናገር ሥራው ነው። የተሾመ ሐኪም ከሐኪምነቱ ሁሉንም ይዞ መቆየት ባይችል፣ ይህችን ብቻ እንኳ አይጣላት።

በዚህ አካባቢ ያሉ ሰዎች ብዙ አይተዋል። ወባው በየዓመቱ ነው። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ በሽተኛ ይዞ የሚሸሽ፣ መድኃኒት የሚደብቅ፣ አልሄድም ብሎ የሚቀር የጤና ባለሙያ ነበር። በዚያ ቀን ማንም «ሥራ አስኪያጅ ነህ ወይስ ሐኪም?» ብሎ አልጠየቀም። የተጠየቀው «አለህ ወይ?» ብቻ ነበር።

ከማጀቴ ልንወጣ ስንል አዛውንቱን ልንሰናበት ሄድን። «አባባ፣ ጥያቄዎን ልንጽፈው ነው» አልናቸው። ሳቁ። «ጻፉት፤ ግን ሰውየውን እንዳታስቀይሙት። አሁንም እዚያው ነው፤ ነገ ታምሜ የምሄደው እሱ ጋ ነው» አሉን።

እኛም እንደ ቃላቸው ስሙን ሳንጠቅስ ጽፈነዋል። የሕክምና ተማሪዎች ይህን አንብባችሁ «ተሳስታችኋል» የምትሉ ካላችሁ፣ መልሳችሁን ለሚቀጥለው ዕትም ላኩልን። ከእናንተ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅተሙን ይረከባልና፣ አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።